መቆም ሲገባው ያልቆመ ማሽን፦ የጨረራ መሣሪያ ጉድለትና የደህንነት መቆጣጠሪያ ብልሽት ሲያጋጥም እንዴት ሪፖርት ይደረጋል?

ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም። ጨረራ የሚያመነጭ ወይም ራዲዮአክቲቭ ምንጭ የያዘ መሣሪያ ግን ጅማ ላይም አለ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለካንሰር ታካሚዎች የጨረር ሕክምና ይሰጣል። በመንግሥትና በግል ጤና ተቋማት ኤክስሬይና ሲቲ ስካን በየቀኑ ይሠራሉ። መንገድ የሚሠሩ ተቋራጮችም የአፈርን ጥግግት የሚለኩት ምንጭ ባለው መለኪያ ነው። ይህ መመሪያ ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር ለሚውሉ ቴክኖሎጂስቶች፣ ሜዲካል ፊዚሲስቶች (የጨረር መጠንን የሚለኩና የሚያረጋግጡ ባለሙያዎች)፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሮችና የአፈር ላብራቶሪ ቴክኒሻኖች የተዘጋጀ ነው። ደንቦቹና ትምህርቶቹ በአብዛኛው ከትልልቅ የኑክሌር ተቋማት የመጡ ናቸው፤ ለአንድ የኤክስሬይ ክፍልም ግን በትክክል ይሠራሉ።

ከሁሉ በፊት ሁለት ዓይነት ብልሽቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማሽኑን የሚያቆመው ነው። ስክሪኑ ላይ ስህተት ይጽፋል፣ ጨረሩ ይቋረጣል፣ ወረፋው ይቆማል፣ ስልክ መደወል ይጀመራል። እንዲህ ያለ ብልሽት ሳይነገር አያድርም፤ ሕዝቡ ራሱ ያስነግረዋል። ሁለተኛው ማሽኑን የማያቆመው ነው። በሩ ሲከፈት ጨረሩ አይቆምም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቢጫኑትም ምንም አይፈጠርም። ጨረር እየወጣ በሩ አናት ላይ ያለው ቀይ መብራት አይበራም። ግድግዳው ላይ ያለው የጨረራ ጠቋሚ ዝም ይላል። የኤክስሬዩ መተኮሻ ቁልፍ ጣት ከተነሳ በኋላም መተኮሱን ይቀጥላል። የአፈር መለኪያው መከለያ አይዘጋም። ይህኛው ሥራ ስለማያስቆም ሪፖርት ሳይደረግ ሳምንታት ሊያልፉት ይችላል። አደጋ የሚያመጣው ደግሞ እሱ ነው። እዚህ የምናተኩረውም በሁለተኛው ላይ ነው።

ሪፖርቱ ሲቀር ምን ይሆናል

መስከረም 14 ቀን 1970 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 24፣ 1977) አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ባለው የዴቪስ ቤሲ የኑክሌር ማመንጫ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። ማመንጫው በዝቅተኛ ኃይል ላይ ነበር፤ ኦፕሬተሮቹም ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ችግሩን ለይተው ሌላ ቫልቭ ዘጉበት። ጉዳት አልደረሰም። ከአምራቹ መሐንዲሶች መካከል ነገሩ ያሳሰባቸው ነበሩ፤ ለኦፕሬተሮች የሚሰጠው መመሪያ እንዲስተካከል የውስጥ ማስታወሻ ጽፈዋል። ማስጠንቀቂያው ግን ተመሳሳይ ማሽን ወደነበራቸው ሌሎች ማመንጫዎች ሳይደርስ ቀረ። 18 ወር ቆይቶ፣ በማርች 28፣ 1979፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ባለው ስሪ ማይል አይላንድ ያው ዓይነት ቫልቭ በያው ዓይነት መንገድ ተከፍቶ ቀረና የሪአክተሩ ልብ በከፊል ቀለጠ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መብራት ቫልቩ የተዘጋ አስመስሎ ነበር። መብራቱ የሚያሳየው ግን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ በትክክል መዘጋቱን አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙ። ጉዳት ያላደረሰ ብልሽትም ሙሉ ሪፖርት ይፈልጋል። ጠቋሚ መብራትን ስትጠቅሱ ደግሞ የጻፋችሁት መብራቱ ያሳየውን ይሁን አካሉ ያደረገውን ለዩ። «በሩ ተዘግቶ ነበር» እና «ኮንሶሉ በሩ ዝግ ነው ይል ነበር» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ኮንሶል የምንለው ማሽኑ የሚታዘዝበትን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

ጨረሩን አቁሙ፤ ታካሚ ካለ አውጡ። ኮንሶሉ ላይ ያለው ማቆሚያ ካልሠራ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን፣ እሱም እምቢ ካለ ዋናውን የኃይል መቁረጫ ተጠቀሙ። መቁረጫው የት እንዳለ ማወቅ ያለበት ባዮሜዲካል ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ተረኛው ሁሉ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፦ ሪሴት አታድርጉ። አጥፍቶ ማብራት የሁላችንም የመጀመሪያ መድኃኒት ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ የነበረውን ኮድ፣ የነበረበትን መጠንና ቅደም ተከተሉን አብሮ ያጠፋዋል። መጀመሪያ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ፎቶ አንሱ፤ የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥር በፎቶው ውስጥ ከገባ ከመላኩ በፊት ሸፍኑት። የኮዱን ቁጥርና አብሮት የተጻፈውን ቃል በእጃችሁም ገልብጡ፤ ፎቶ ይደበዝዛል፣ ስልክም ይጠፋል። ከብልሽቱ በፊት የተጫናችኋቸውን የመጨረሻ ቁልፎች በቅደም ተከተል ጻፉ። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስድስት ታካሚዎችን ከመጠን በላይ ጨረር ያደረሰባቸው ቴራክ 25 የተባለ የጨረር ሕክምና ማሽን ምስጢሩ የተገኘው እንዲህ ነው። ስክሪኑ «ማልፋንክሽን 54» ይል ነበር፤ ቃሉ ለኦፕሬተሩ ምንም አይነግረውም። «ፒ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መቀጠል ይቻል ስለነበርና ማሽኑም በትንሽ በትልቁ ስህተት ያሳይ ስለነበር መቀጠል ልማድ ሆነ። ቴክሳስ ታይለር ውስጥ አንድ ኦፕሬተርና የሆስፒታሉ ፊዚሲስት ተቀምጠው ቁልፎቹን በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ፍጥነት ደጋግመው ሞከሩ፤ ስህተቱን በገዛ እጃቸው መልሰው አመጡት። ፍጥነቱ ራሱ የብልሽቱ አካል ነበር። ኦፕሬተሯ የተጫነችውን ባታስታውስ ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር።

ከዚያ የማሽኑን ማስነሻ ቁልፍ ከኮንሶሉ ንቀሉና ለጨረራ መከላከያ ኃላፊው አስረክቡ። «አይበራም» የሚል ወረቀት በኮንሶሉም በበሩም ላይ ለጥፉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና ስልክ ይኑረው። ጅማ ላይ ማታ ጥበቃውም ጽዳት ሠራተኛዋም እንዲያነቡት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ያልተለጠፈበት ማሽን ነገ ጠዋት በሌላ ተረኛ እጅ መብራቱ አይቀርም።

አንድ ጊዜ ያልሠራን መከላከያ (ለምሳሌ በሩ ሲከፈት ጨረሩን ማቆም ያለበትን) «እስኪ እንደገና እንየው» ብሎ መሞከርም ይቅር። ሁለተኛው ሙከራ ከሠራ ሰው ይዘናጋል፤ ካልሠራ ደግሞ ሞካሪው ይጋለጣል። አንዴ ሠርቶ አንዴ የማይሠራ መከላከያ ጨርሶ ከተበላሸው የከፋ ነው።

በዚያው ሰዓት ለኃላፊው በስልክ ይነገር። አጭር ይሁን፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ከጨረር ክፍል ነው። ፍተሻ ላይ በሩ ሲከፈት ጨረሩ አልቆመም። ማሽኑን አቁመናል፤ ቁልፉ ተነቅሏል። ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። «ሰው አልተጎዳም» አይልም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማን እንደተጎዳ ማወቅ አይቻልም፤ ማን የት እንደነበረ ግን ይታወቃል።

ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፍ

«ማሽኑ ስለተበላሸ በአስቸኳይ ይጠገንልን» የሚል ደብዳቤ ሪፖርት አይባልም። የሚከተለውን ናሙና ተመልከቱ፤ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው። ሜቪ የጨረሩ ኃይል መለኪያ ነው፤ ኤምዩ ማሽኑ የሰጠውን የጨረር መጠን የሚቆጥርበት አሃድ ነው፤ ዶዚሜትር ደግሞ ሠራተኛው የተቀበለውን ጨረራ የሚመዘግብ መለኪያ ነው።

«መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (ማርች 19፣ 2026)፣ ከቀኑ 8:40፣ በማሽኑ ሰዓት 14:40። መብራት ከ6:15 እስከ 7:50 ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ የበር መከላከያ ፍተሻ ስናደርግ ነው። ክፍሉ ባዶ መሆኑ ታይቷል። 6 ሜቪ፣ 100 ኤምዩ፣ በደቂቃ 300 ኤምዩ ታዘዘ። ቆጣሪው 15 ገደማ ሲያሳይ በሩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከፈተ። ጨረሩ አልቆመም። ኮንሶሉ በሩን «ዝግ» ይል ነበር፤ የስህተት ኮድ አልታየም። ቆጣሪው 35 ላይ ሲደርስ ከኮንሶሉ ማቆሚያውን ተጫንን፤ ወዲያው ቆመ። በሩን የከፈተው ሠራተኛ ከበሩ ጎን ቆሞ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ጨረሩ የቀጠለው 4 ሰከንድ ያህል ነው፤ የግል ዶዚሜትሩን አድርጎ ነበር። ይኸው ፍተሻ በዚሁ ቀን ከጠዋቱ 1:30 ሲደረግ በሩ በትክክል ሠርቷል። ከዚያ በኋላ መብራት እስኪጠፋ 19 ታካሚዎች ታክመዋል፤ መብራት ከተመለሰ በኋላ ማንም አልታከመም። ሁለተኛ ሙከራ አልተደረገም። ቁልፉ በጨረራ መከላከያ ኃላፊው እጅ ነው። ሁለት ፎቶ ተያይዟል።»

ከዚህ በላይ የማሽኑ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የጸሐፊውና የምስክሩ ስም ይገባል።

እያንዳንዱ መስመር የገባበት ምክንያት አለው። «ለመጨረሻ ጊዜ በትክክል ሲሠራ የታየው መቼ ነው» የሚለው ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥርጣሬ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች ቁጥር የሚወሰነው በእሱ ነው። ፍተሻው ጠዋት ተደርጎ ከተመዘገበ የሚጣራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መዝገቡ ሦስት ወር ባዶ ከሆነ የሦስት ወር ሥራ ሁሉ ይጣራል። የየቀኑ ፍተሻ መዝገብ ወግ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይህን አስልተውት አያውቁም። የጨረሩ ፍጥነት የተጻፈው ከቆጣሪው ልዩነት ተነስቶ ሰከንዱን ለማስላት ነው፤ በደቂቃ 300 ማለት በሰከንድ 5 ስለሆነ ከ15 እስከ 35 ያለው 4 ሰከንድ ይሆናል። በግምት የተጻፈ ሰከንድ ሁልጊዜ ይሳሳታል።

ሰዓትና ቀን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። እኛ ከቀኑ 8:40 የምንለውን ማሽኑ 14:40 ብሎ መዝግቦታል፤ አምራቹም የሚያየው የማሽኑን መዝገብ ነው። «8:40» ብቻ ተጽፎ ወደ ውጭ የሄደ ሪፖርት ላይ የአምራቹ መሐንዲስ የጠዋት 2:40ን መዝገብ ከፍቶ ምንም ሳያገኝ «ችግር አልታየም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱንም ሰዓትና ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። የማሽኑ ሰዓት ራሱ ወደፊት ወይም ወደኋላ ከሄደ በስንት ደቂቃ እንደሆነ አክሉ፤ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቦታ ይህ ያጋጥማል።

ያያችሁትን ጻፉ፤ ምክንያቱን ለሚመረምረው ተዉለት። በዲሴምበር 1990 ስፔን ዛራጎዛ ውስጥ አንድ የጨረር ማሽን ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። የኃይል ጠቋሚው መርፌ ኦፕሬተሩ 7፣ 10 ወይም 13 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቢመርጥም ሁልጊዜ 36 ላይ ቆሞ ነበር። ሠራተኞቹ አይተውታል። «መርፌው ተጣብቋል» ተባለና ሥራው ቀጠለ። መርፌው ግን እውነቱን እየተናገረ ነበር። ስህተቱ እስኪታወቅ 27 ታካሚዎች ከታሰበላቸው በብዙ እጥፍ የበለጠ ጨረር ወሰዱ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። «መርፌው ተጣብቋል» ግምት ነው። «7 ስንመርጥም 13 ስንመርጥም 36 ያሳያል» ደግሞ የታየ ነገር ነው፤ ይህ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ፊዚሲስቱ ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ በመጀመሪያው ቀን ይቆም ነበር።

ጥሩ ሪፖርት ለጅማ ሌላም ጥቅም አለው። የአምራቹ ወኪል መሐንዲስ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው። ይዞት የሚመጣው መለዋወጫ እናንተ በጻፋችሁት ልክ ነው። «በሩ አይሠራም» ከተባለ ባዶ እጁን መጥቶ አይቶ ይመለሳል። ኮንሶሉ በሩን «ዝግ» ይል እንደነበር ካነበበ ግን የበሩን ማብሪያና ማጥፊያ ስዊች፣ ሽቦውንና ሪሌውን (ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን ትንሽ ዕቃ) ያስባል፤ ይዞም ይነሳል።

ለማን፣ በምን ያህል ጊዜ

በተቋሙ ውስጥ ቀዳሚው የጨረራ መከላከያ ኃላፊው ነው፤ የጨረር ሕክምና ከሆነ ሜዲካል ፊዚሲስቱም እኩል ይነገረዋል። ባዮሜዲካል ክፍሉ የሚጠራው ከእነሱ ጋር ነው፤ ቀድሞ ተጠርቶ ስዊቹን ነካክቶ ካስተካከለው ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው።

ከተቋሙ ውጭ ሁለት በር አለ። የጨረራ ደህንነትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው፤ ቀድሞ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይሠራው የነበረው ሥራ ወደ እሱ ተዛውሯል። ሕጉ የጨረራና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ነው። ለሕክምና መሣሪያ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፤ በአዋጅ 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ ጥራትና ደህንነት የእሱ ነው። የበር መከላከያ አለመሥራት ለመጀመሪያው፣ መሣሪያው ከፋብሪካው ይዞት የመጣ የሚመስል ጉድለት ለሁለቱም ይሄዳል። የአፈር መለኪያ የሕክምና መሣሪያ ስላልሆነ ለመጀመሪያው ብቻ ነው። በስልክ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ደብዳቤው ይከተል። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም አርፎበት፣ ግልባጭ ለአምራቹ ወኪልና ለክፍሉ ተደርጎ ይውጣ። ስልክ የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነሳውን ሰው ስም እዚያው ደብዳቤ ላይ ጥቀሱ። የተነገረና ያልተጻፈ ነገር ሲጣራ እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው።

ስለ ጊዜው፣ ከፈቃዳችሁ ሰነድ ጋር የተያያዙትን ግዴታዎች አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ገዢው እሱ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የኑክሌር ማመንጫዎች ድንገተኛ ሁኔታ እንደ ክብደቱ በ1፣ በ4 ወይም በ8 ሰዓት ውስጥ በስልክ ይነገራል፤ ዝርዝሩ የጽሑፍ ሪፖርት በ60 ቀን ውስጥ ይከተላል። የዕቃ ጉድለትን የሚመለከተው የአሜሪካ ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ የኃይል ሕግ የመጣ ነው፦ ጉድለቱ ከታወቀ በ60 ቀን ውስጥ ተገምግሞ ያልቅ፣ አደገኛ ከሆነ ለኃላፊው በ5 የሥራ ቀን ይነገር፣ ኃላፊው በ2 ቀን ለተቆጣጣሪው ያሳውቅ፣ የጽሑፍ ሪፖርቱ በ30 ቀን ይግባ ይላል። እዚህ ላይ ጠቃሚው ሐሳብ ቁጥሩ አይደለም። ስልኩ ምርመራውን አይጠብቅም የሚለው ነው። «ምክንያቱን አጣርተን እንጽፋለን» የሚል ክፍል ሁልጊዜ ይዘገያል።

ከጨረራው ሕግ በተጨማሪ በግል ክሊኒክና በተቋራጭ ሥር ለተቀጠሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 93 ይሠራል፤ ሠራተኛው በሚሠራበት መሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያው ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሪፖርት ማድረጋችሁን እንደ ክስ ለሚቆጥር አለቃ ግዴታ እየፈጸማችሁ መሆኑን በዚሁ አንቀጽ ማሳየት ትችላላችሁ።

ታካሚዎችንም አትርሱ። ከመቱ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከጋምቤላ ተነስተው፣ ቤት ተከራይተው የተቀመጡ ናቸው። «ሲስተም የለም» ብሎ መመለስ ነውር ነው። «እማማ፣ የማሽኑ አንድ መከላከያ ዛሬ በትክክል አልሠራም፤ እስኪስተካከል አናክምዎትም፤ ስልክዎን ይስጡን፣ እኛ እንደውላለን» ማለት ይበቃል። የጨረር ሕክምና ቀን ሲዘለል ውጤቱን ስለሚነካ የማን ሕክምና ስንት ቀን እንደተቋረጠ የሚያሳይ ዝርዝር በዚያው ቀን ለፊዚሲስቱና ለሐኪሙ ይሰጥ።

ጅማ ላይ በተለይ የሚያሳስቱ ነገሮች

የመጀመሪያው የአየር ግፊት ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ትክክለኛው ግፊቷ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የጨረር መጠን የሚለካበት ክፍት አየር ያለው ቻምበር (መለኪያ) የሚያነበው ቁጥር በዚህ ግፊትና በ22 ዲግሪ ሙቀት 1.24 ገደማ በሆነ ቁጥር መባዛት አለበት። ፊዚሲስቱ ባሮሜትሩ ተበላሽቶበት ከአየር ማረፊያ ግፊት ቢጠይቅ የሚነገረው ቁጥር ለአውሮፕላን ሲባል ወደ ባሕር ወለል የተቀየረ ነው፤ 102 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። በዚያ ካሰላ ማሽኑ በ20 ከመቶ ገደማ ያነሰ የሚሰጥ ይመስለዋል። ይህን «የማሽን ጉድለት» ብሎ ሪፖርት ማድረጉ ቀላሉ ስህተት ነው። ከባዱ የማሽኑን ልክ ከፍ አድርጎ «ማስተካከል» ነው፤ ያኔ ሁሉም ታካሚ ከታዘዘለት በሩብ ያህል የበለጠ ይወስዳል። ስለዚህ የመጠን ልዩነት ሪፖርት ላይ የተነበበው ግፊት፣ ሙቀትና የባሮሜትሩ ሲሪያል ቁጥር የግድ ይጻፍ። የየቀኑ ፍተሻ ከ3 ከመቶ በላይ ካለፈ ማንም ምንም ሳያስተካክል ለፊዚሲስቱ ይነገር።

ሁለተኛው መብራት ነው። መከላከያዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው፤ ሪሌ ይጣበቃል፣ የግድግዳው ጠቋሚ ሳይነሳ ይቀራል። ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ የበሩን፣ የቀዩን መብራትና የግድግዳውን ጠቋሚ ፍተሻ ድገሙ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ተንቀሳቃሹን የጨረራ መለኪያም ባትሪውን ሳታዩ አትመኑት። ዜሮ የሚያነብ መለኪያ ጨረራ የለም ላይል ይችላል፤ ባትሪው ሞቶ ይሆናል። አንዳንድ ዓይነቶች ደግሞ በጣም ኃይለኛ ጨረራ ውስጥ ሲገቡ ታፍነው ወደ ዜሮ ይወርዳሉ።

ሦስተኛው ክረምትና ጭቃ ነው፤ የአፈር መለኪያውን ይመለከታል። መሣሪያው በውስጡ ሲሲየም 137ና አሜሪሲየም ቤሪሊየም የተባሉ ሁለት ራዲዮአክቲቭ ምንጮች ይዟል። ዘንጉ ወደ ላይ ሲመለስ ከሥሩ ያለው ትንሽ መከለያ ተንሸራቶ መዝጋት አለበት፤ የጅማ ቀይ ጭቃ እዚያች ክፍተት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እጀታው ቦታው ላይ ገብቶ እንኳ መከለያው ክፍት ይቀራል። እጀታውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ በመለኪያ አረጋግጡ። የመሣሪያውን ሆድ ገልብጣችሁ ወደ ፊታችሁ አቅርባችሁ አትመልከቱ። ዘንጉ አፈር ውስጥ ሳለ እምቢ ካለ ጎትታችሁ አታውጡት፤ አፈሩ ራሱ ይከልለዋል። 5 ሜትር ዙሪያውን በገመድ ከልሉ፣ ሮለሩን አርቁ፣ አንድ ሰው ከገመዱ ውጭ ይጠብቅ፣ ኃላፊውን ጥሩ። ሪፖርቱ ላይ የመለኪያው ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ምንጮች ሲሪያል ቁጥርና ጥንካሬ፣ የመጨረሻው የማፍሰስ ፍተሻ ቀን፣ እንዲሁም ቦታው በትክክል ይግባ፤ «ከጅማ ወደ አጋሮ ስትወጡ 12ኛው ኪሎ ሜትር፣ በግራ» እስከሚል ድረስ።

ኤክስሬይ ላይ ትኩረት የሚሻው መተኮሻ ቁልፉና የእርሳስ መከላከያ ልብሱ ነው። ታጥፎ የሚቀመጥ ልብስ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አይታይም። ስንጥቁ በፍተሻ ሲገኝ ልብሱ ከጥቅም ይውጣ፣ ይመዝገብ።

መከላከያን ማለፍና ወደ ሥራ መመለስ

በፌብሩዋሪ 5፣ 1989 ኤል ሳልቫዶር፣ ሳን ሳልቫዶር ከተማ አቅራቢያ የሕክምና ዕቃ በኮባልት 60 የሚያመክን ተቋም ላይ የምንጩ መደርደሪያ ከላይ ተሰክቶ ቀረ። ኦፕሬተሩ መከላከያዎቹን አልፎ ገባ፤ ሁለት ሰዎች ረዱት፤ በእጃቸው ገፉት። ከሦስቱ አንዱ ሞተ። አገሪቱ ጦርነት ላይ ስለነበረች አቅራቢው ርቆ፣ መከላከያዎቹም ቀስ በቀስ ተዳክመው ነበር፤ ሠራተኛው እነሱን ማለፍን እንደ ሥራው አካል ለምዶት ነበር። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወራት በሚፈጅበት አገር ይህ ፈተና በጣም ቅርባችን ነው። «ለጊዜው በሽቦ እናገናኘው» የሚል ሐሳብ የሚመጣው ከክፋት አይደለም፤ ወረፋውን አይቶ ከሚያዝን ልብ ነው። ቢሆንም መከላከያው በሽቦ ታልፎ ሰው አይታከምም።

መሐንዲስ ለምርመራ ሲል የሚያገናኘው ሽቦ ግን አለ፤ ያለ እሱ መጠገን አይቻልም። ለእሱ የተለየ መዝገብ ይኑር፦ የት ገባ፣ ስንት ሰዓት፣ ማን አስገባ፣ መቼ ወጣ፣ ማን አየ። ሽቦው ቀይ ይሁን፣ ረጅም ይሁን፣ ላዩ ላይ ቁጥር ይንጠልጠልበት። መሐንዲሱ ከመሄዱ በፊት የገባው አምስት ከሆነ አምስት ተቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

ማሽኑ ተጠግኖ ሲያበቃ የተጠገነው ክፍል ብቻ ሳይሆን ጥገናው የነካው ሁሉ ይፈተሽ። ዛራጎዛ ላይ የሆነው፣ ማሽኑ ከጥገና ወጥቶ ፊዚክስ ክፍሉ መጠኑን ሳይለካ በቀጥታ ለታካሚ መዋሉ ነው። ጨረሩን የሚነካ ጥገና ከሆነ ፊዚሲስቱ ለክቶ ሳይፈርም ቁልፉ አይመለስ። የበር ጥገና ከሆነ ኃላፊው ባለበት በሩ፣ ቀዩ መብራት፣ የግድግዳው ጠቋሚና እያንዳንዱ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ በየተራ ይሞከር፤ «ሁሉም ደህና» ተብሎ በአንድ መስመር አይጻፍ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ መስመር ይኑረው። የወኪሉን የሰርቪስ ሪፖርት ሳትቀበሉ መሐንዲሱን አትሸኙ፤ የተቀየረው ዕቃ ሲሪያል ቁጥርም እዚያ ላይ ይኑር። አሮጌው ስዊች አይጣል፤ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ የሪፖርቱ ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጥ። አምራቹ በኋላ ሊጠይቀው ይችላል።

የጨረር ሕክምና ክፍሎች ከዚህ በኋላ አንድ ተጨማሪ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ ኢትዮጵያ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት፣ ሳፍሮን የሚባል የመማማሪያ መዝገብ አለው። በፈቃደኝነት የሚገባበት ነው፤ ተመዝጋቢ ክፍሎች የተከሰተውንም ለጥቂት ያለፈውንም ብልሽት ያለ ታካሚ ስም ያስገባሉ፣ የሌላውንም ያነባሉ። ከናሙናው ሪፖርት ላይ የታካሚ መረጃና የሠራተኛ ስም ሲወጣ የሚቀረው ጽሑፍ ለዚያ የተዘጋጀ ያህል ነው። ለባለሥልጣኑ የሄደውን ደብዳቤ ወጪ ቁጥር ግን በማሽኑ የየቀኑ ፍተሻ መዝገብ ላይ፣ ብልሽቱ በታየበት ቀን ረድፍ ጎን በቀይ ጻፉት፤ ከዓመት በኋላ ያ በር እንደገና ቢያስቸግር የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።